ዱሪ ያልተናገራት ቃል

ዱሪ ጠበቃ ሳለ ፍርድ ቤት ተሟግቶ የመንደሩን ሸለቆ ከግድብ ያተረፈ ሰው ነው፤ መንደሩም በዚያው ወዶት መርጦ ፓርላማ ላከው። ሚኒስትር በሆነ በስድስተኛው ዓመት ግድቡ እንደገና አገሪቱን በጋራ ለሚመሩት ሰባት ሚኒስትሮች ቀረበ፤ ዱሪ ብቻውን ተቃውሞ ተሸነፈ። የስዊስ ወግ በሉት መርገም፣ የተሸነፈ ሚኒስትር ተቃውሞውን ውጦ ውሳኔውን የራሱ አስመስሎ ለሕዝብ ያስረዳል። አስረዳ፤ ያውም በገዛ መንደሩ አዳራሽ።

አሮጊቷ ባርላ ተነሡ። "አንተ ዱሪ! ቤቴን ውሃ ሊውጠው ነው። አንተ እንኳ እምቢ ብለሃል አይደል?"

"አዎ" የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሳ ተመለሰች። "እማማ፣ ውሳኔው የሁላችንም ነው።"

"ያኔ ያስፈረድክልንን ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ" አሉ ባርላ። "ስወጣ አላወርደውም፤ ከቤቱ ጋር ይስመጥ።"