ስንዝር የማይሞላ አልጋ

አክስቴ ዕድሜዋን በአዋላጅነት ጨርሳ ጡረታ ወጣች። ደረጃ መውጣት ሲያቅታት አንድዬ ልጇ ሊፍት ያለው አፓርታማው ውስጥ አብራው እንድትኖር ወሰዳት። እስከዚህ ተመስገን ነው። ጣጣው የመጣው መኝታ ቤቷን በዲዛይነር ካላሠራሁ ያለ ዕለት ነው።

ዲዛይነሩ ግድግዳ በዳሰሰ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። መስኮቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፤ አክስቴን ግን ዞር ብሎም አላያት።

«እኔንስ አትለካኝም?» አለችው።

«እናቴ፣ እኔ የምለካው ክፍሉን ነው» አላት፣ ትልቅ ቁም ነገር የተናገረ መስሎት።

ሥራው ሲያልቅ ልጇ ዘመድ ጠርቶ አስመረቀው፤ እኔም ሄድኩ። ወለሉ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ ካልሲ ላጠለቀ እግር ግን ሳሙና ነው። ቁም ሣጥኑ ግድግዳ መስሎ ስለተሠራ እጀታ የለውም፤ አክስቴ ቀሚሷን ፍለጋ ግድግዳ ስትደባብስ ትውላለች። መብራቱ የሚበራው በስልክ ነው፤ ስልኩን በጨለማ በምን እንደምታገኘው ያሰበበት የለም። አልጋውማ! ከወለሉ ስንዝር አይሞላም።

«ዝቅ ማለቱ መንፈስ ያረጋጋል» አለ ዲዛይነሩ።

«የማንን መንፈስ?» አለች አክስቴ።

ልጇ ተቆጣ። «እማዬ፣ ሰው የሚመኘውን እኮ ነው ያገኘሽው! ምናለ አንድ ቀን እንኳ ደስ ቢልሽ?»

ለልጇ ብላ «ደስ ብሎኛል» አለች። ማታ ግን ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረች። እሱ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ባዶውን ክፍል ከፍቶ «የእናቴ መኝታ» እያለ ያስጎበኛል፤ ሙዚየም ይመስል።

አንድ ቅዳሜ ዲዛይነሩ ለማስታወቂያ ብሎ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። አክስቴ ተጋድማ ፈገግ እንድትል ተፈለገ። እኔ በብብቷ ይዣት እንደ ምንም ወረደች። ፎቶው ተነሣ።

«በቃ፣ ይነሡ እናቴ» አለ ዲዛይነሩ።

ሞከረች። ጉልበቷ እምቢ አለ። የምትይዘው ነገር የለም፤ ግድግዳው ልስልስ፣ አልጋው ጠርዝ የለሽ። ልጇ አንድ እጇን ያዘ፣ ወለሌ እንዳይጫር ብሎ ጫማውን ያወለቀው ዲዛይነር ሌላውን። ሲጎትቱ ዲዛይነሩን ካልሲው አንሸራተተውና እላይዋ ላይ ዘጭ አለ።

ፎቶ አንሺው ከት ብሎ ሳቀ። አክስቴ ከሥር ሆና፣ «ስንቱን ሳዋልድ ኖሬ፣ እኔን ከአልጋ የሚያዋልደኝ ይጥፋ? በሉ ሳቡ! ግፊ ብላችሁ ብቻ እንዳትጮሁብኝ» አለች።

ሁላችንም ሳቅን። ተነሥታ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ አልለቅ አለች። ልጇ አየው።

ሰኞ ከሥራ ቀርቶ ቤቱ ውስጥ ባለ መቀመጫ ሁሉ ላይ ሲያስቀምጣትና ሲያስነሣት ዋለ። ያልከበዳትን ከፍታ ይዞ አልጋ አሠራ። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አስመታ፤ ከራስጌዋ በጣት የሚጫን ማብሪያ አስገባ።

ዲዛይነሩ ሰምቶ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው አክስቴ ናት።

«ሥራዬን አበላሻችሁት!»

«ልጄ፣ እየተኛሁበት ነው» ብላ ዘጋችው።

ፎቶው ግን «ምቾት ለአዛውንት» ተብሎ ወጣ፤ አድናቆቱ እንደ ጉድ ይጎርፋል። አሁን ደግሞ ዲዛይነሩ የአንድ ባለሀብት አባት መኝታ ቤት ሊሠራ ተቀብሏል አሉ። ለአዛውንቱ እግዜር ጉልበቱን ይስጣቸው።