የመቅደሱ ጠብታ

ቄሰ ገበዝ ሃይለ ሚካኤል በሰባ ዓመታቸው እንቅልፍ ያጡት በአንድ ሳህን ውሃ ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲኬድ ያለችውን ደብር ንብረት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ሐምሌ ከገባ ወዲህ መቅደሱ ውስጥ፣ ከመንበሩ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ውሃ ይንጠባጠባል። ከሥሩ ያስቀመጡትን ሳህን ጠዋት ጠዋት ሞልቶ ያገኙታል። ሰበካ ጉባኤው መክሮ መክሮ እሑድ ውሳኔውን ለሕዝቡ ሊያሰማ ነው፤ ከመቅደሱ በላይ ያለው ቆርቆሮ በሙሉ ይነሳ፣ ታቦቱም ሥራው እስኪያልቅ ወደ ጎረቤት ደብር ይሂድ የሚል።

ለቄሰ ገበዙ ይህ ውርደት ነው። አባታቸውም አያታቸውም እዚሁ አገልግለው አልፈዋል። ታቦቱ ከመንበሩ የተነሳው በሃይለ ሚካኤል ዘመን ነው ሲባል ሊኖር ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ቆርቆሮውን የመታው አናጢው ዳኘው ነው፤ ያውም ስለት ስለነበረበት በነጻ። ውሃው ሲጀምር ወጥቶ ከሳህኑ ትክክል ያሉትን ምስማሮች አንድ በአንድ ፈተሸና፣ የእኔ ምስማር አያፈስም ብሎ ወረደ። ቄሰ ገበዙ ንዴት አሸነፋቸው። ከቅዳሴ በኋላ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ "የራሱ ቤት ቢሆን እንዲህ አድርጎ አይመታውም ነበር" አሉ።  ከዚያ ቀን ወዲህ ዳኘው የአጥሩን በር አያልፍም፤ ውጭ ቆሞ ያስቀድስና ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሙንዲር የመጣው ዓርብ ዕለት ነው። ቡሬ ገበያ እህል የሚነግዱት የሀጂራ ልጅ ሲሆን፣ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከመጠን በላይ የሞቀ ገመድ የሚፈልግበት፣ ሙቀትን በቀለም የሚያሳይ ካሜራ አለው። እናቱ ከቄሰ ገበዙ ጋር ድሮ የሚተዋወቁ ናቸውና ጭንቀታቸውን ሰምተው፣ ሂድና እርዳቸው ብለው ላኩት።

ከአጸዱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አስረዳቸው። ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው ይሞቃል፤ ውሃ የጠጣው እንጨት ግን ቶሎ አይሞቅም። በካሜራው ደረቁ ቀይ፣ እርጥቡ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። መቅደስ ግን የሚገባው ካህን ብቻ ነው፤ ሙንዲርም ልግባ አላለም። አያያዙን ሁለት ጊዜ አሳያቸውና "አባ፣ ወደ ላይ ብቻ ይያዙት፤ ወደ መንበሩ እንዳይዞር" አላቸው። ቄሰ ገበዙ ልባቸው ተነካ፤ ይህንኑ እንዴት አድርጌ ልንገረው ብለው ሲጨነቁ ነበርና።

ገብተው ብዙ ቆይተው ወጡ። ሙንዲር ፎቶዎቹን ሲያይ ግራ ገባው። በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ አንድ ነጭ ነገር ቦግ ብሏል፤ ሌላው ድፍን ጥቁር ነው። በሌላው እጅዎ ምን ይዘው ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ምን ይይዛሉ፣ ጧፍ ነዋ። አርባ ዓመት ሙሉ ወደዚያ ያለ ጧፍ ገብተው አያውቁም። ሙንዲር ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ካሜራው እሳት ካየ ሌላው ሁሉ እንደሚጠፋበት፣ መብራትም እንደማያስፈልገው ነገራቸው።

ጧፉን አጥፍተው፣ በጨለማው እየዳበሱ ተመለሱ። አሁን ጣሪያው በቀለም ወጣ። ከሳህኑ በላይ ያለው ቆርቆሮ በሙሉ ቀይ ነው። አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቻ ቆርቆሮውን የተሸከመውን ወራጅ እንጨት ተከትላ ሽቅብ እስከ ጉልላቱ ሥር ትሄዳለች።

ሙንዲር መስመሯን በጣቱ ተከተላት። "ውሃው የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ እንጨቱን ይዞ ነው ሳህኑ ጋ የሚደርሰው። አባ፣ ከጉልላቱ ሥር ምን አለ?"

ቄሰ ገበዙ ቀና ብለው ማየት አላስፈለጋቸውም። ድምፅ ማጉያው ነው። ዳኘው ሥራውን ጨርሶ ከወረደ ከወራት በኋላ፣ ቅዳሴው ማዶ ያሉ ደካሞች ጋ ይድረስ ብለው፣ ከፍኖተ ሰላም ሰው አስመጥተው ያሰቀሉት እሳቸው ናቸው። ቆርቆሮው በአራት ብሎን ሲበሳ ከታች ቆመው፣ ጠበቅ አድርገው ይሉ ነበር።

አራት ቀዳዳ ለመድፈን ታቦት አይነሳም። ደስታው እንባቸውን አመጣው። ግን ደግሞ ቀዳዳው ተገኘ ብሎ ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ የማን ቀዳዳ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ይህ ሐሳብ ሲፈትናቸው ዋለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማይክሮፎኑን ያዙ። ሰበካ ጉባኤው ውሳኔውን እንደተወና ታቦቱ እንደማይነሳ ሲናገሩ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እስኪያበቁ ጠበቋቸው።

"ዳኘው የመታው ምስማር አንድም አላፈሰሰም። ያፈሰሰው እኔ ያስበሳሁት ነው። በእናንተ ፊት አዋርጄዋለሁ፤ በእናንተ ፊት ይቅር በለኝ እለዋለሁ።"

ድምፃቸው ከአጥሩ ውጭ ደረሰ። ሕዝቡ ወደ በሩ ዞረ።  ዳኘው ነጠላውን አስተካክሎ ገባና መስቀል ሊሳለም ቀረበ። ቄሰ ገበዙ እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ሁለት ክንዳቸውን ይዞ አቆማቸው።

"አባ፣ መሰላሉን ማን ይይዝልኛል?" አለ።

"እኔ" አሉት።