ከአምስት ሬሳ የተሰፋች

ሰውየው እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ሰፈሩ ግን "አስራ ሦስት" ነበር የሚለው። በሚስቱ ታላቅ ወንድም ጋራዥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞተር ያወረደ እሱ፣ ካምቢዮ የፈታ እሱ፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ ጀርባውን ያስበላ እሱ። ደንበኛ ሲመጣ ግን ባለ ጋራዡ እጁን ኪሱ ከትቶ "አንተ፣ እስቲ አስራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ!" ይለዋል፤ ሥራውን ራሱ የሚሠራ ለመምሰል። እያደር ደንበኞቹም "ያ አስራ ሦስት የት ሄደ?" ማለት ጀመሩ። በቃ፣ ስም ሆኖ ቀረ። ሰው ስም ሲያወጣልህ አያማክርህም።

ይህንንስ ችሎት ነበር። ያልቻለው ፎቶውን ነው። አዲሱ ጋራዥ የተመረቀ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ በር ላይ ተሰልፎ ፎቶ ሲነሳ፣ ባለ ጋራዡ "አንተ ልብስህ ዘይት ነክቶታል፤ ለጊዜው ዞር በል" አለው። ዞር አለ። እንደ ዞረ ወደ ጋራዡ ሳይመለስ አስራ አንድ ዓመት ሞላው። ፎቶው ዛሬም ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ይባላል፤ ዘበኛው ሳይቀር አለበት።

ልጁ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ጊዜ፣ እናቷ ሥራ እንዲሰጣት ወንድሟን ለምና ለምና ወደ እሱ ላከቻት። አጎት ሆዬ ከት ብሎ ሳቀ። "የኔ ልጅ፣ መኪና የወንድ ጉልበት ይፈልጋል። ቢሮ መጥረግ ከፈለግሽ ግን ነገ ነዪ" አላት። ልጅቷ ቤት ገብታ መንጃ ፈቃዷን ቁም ሣጥን ውስጥ ከብርድ ልብሱ ሥር ከተተችው። አባት ይህን አየና ማለ። ሾፌር አድርጎ የሚቀጥራት ከሌለ የምትነዳውን እሱ ይሠራላታል።

ሁለት ዓመት ፈጀ። ሻንሲውን ከጡብ ፋብሪካ ጓሮ፣ ዝገት እንደ ቅርፊት ሲረግፍ አገኘው። ሞተሩ ወፍጮ ሲያዞር የኖረ ነው። ካምቢዮውን ከተቃጠለ መኪና አወጣው። አካሏ ሦስት ዓመት ዶሮ ያደረበት ነበር፤ ኩሱን ልጅቷ በመሮ ፋቀችው። የሞተሩን ኃይል ለፊት ጎማዎች የሚያከፋፍለው የፊት ዲፈረንሻል ደግሞ ወንዝ ከወሰደው መኪና የተረፈ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዲት የዳገት መኪና ቆመች፤ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት።

የፊት ዲፈረንሻሉን በገጠመበት ቀን ብረታ ብረት ሻጩ ወሬ ይዞለት መጣ። "አማችህ ምን አለ መሰለህ? አምስት ሬሳ ቢሰፋ አንድ ሕያው አይወጣውም አለ።"

"አለ?"

"ሰው ሁሉ ሳቀ።"

"አንተስ?"

"እኔማ… ትንሽ።"

አስራ ሦስት መፍቻውን አነሳ። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አሥሩን ብሎን አማቹን እያሰበ አጠበቃቸው። አንጀቱ አሮ ስለነበር እጁ ይሠራል እንጂ ዓይኑ አያይም። ኃይል ወደ ፊት የሚያደርሰው ዘንግ ከለመደው ትንሽ ከፍ ብሎ ገባ። "የሌላ መኪና ዕቃ ስለሆነ ነው" ብሎ አለፈው። ዲፈረንሻል የቀየረ ባለሙያ ሁሉ መኪናውን ከመሬት አንስቶ አራቱንም ጎማ ሳያሽከረክር አይለቅም። እሱም ለሰው ሲሠራ እንዲያ ነበር። ለራሱ ሲሆን ግን…

ልጅቷ "አባዬ፣ አራቱንም ጎማ አስይዘን እንሞክራት" ብላው ነበር።

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"ጎረቤቱ ሁሉ የሱ ወሬ አቀባይ ነው። ትንሽ ብታቃስት ነገ ጋራዡ ውስጥ ሲሳቅባት ይዋላል። ዳገቱ ላይ ትሞከራለች።"

ዳገቱ ከከተማው ዳር ያለው የድንጋይ ካባ ነበር። የካባው ኃላፊ ሠራተኞችንና ውሃ ወደ ላይኛው መፍለጫ የሚያመላልስ አንድ መኪና ከነሾፌሩ ይፈልጋል። ሁለት ሰው አመለከተ፤ ባለ ጋራዡና አስራ ሦስት። ኃላፊው አጭር፣ ጥርሱ የማይታይ ሰው ነው። "ወረቀት አላነብም። ዳገቱን ወጥቶ ያሳየኝ ይገባል" አለ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱ መኪኖች ከዳገቱ ሥር ጎን ለጎን ቆሙ። የባለ ጋራዡ ነጭና የተወለወለች ናት። የአስራ ሦስት በሯ አረንጓዴ፣ ኮፈኗ ግራጫ። የካባው ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ከበቡ።

"እንዴት ነህ አማቼ?" አለ ባለ ጋራዡ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ይህቺ ናት እንዴ ሙሽራዋ?"

"ናት።"

"ኧረ ታምራለች! ዶሮዎቹስ ወርደዋል?"

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ።

"ወርደዋል" አለ አስራ ሦስት። "አውራው ብቻ ነው የቀረው፤ እዚህ ቆሞ ይጮኻል።"

አሁን ሳቁ በረታ። ባለ ጋራዡ ራሱ ፈገግ አለ፤ ጆሮው ግን ቀላ። አስራ ሦስት በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ ጣፋጭ አላገኘም።

ነጯ ቀድማ ወጣች። የጋራዡ ሾፌር ቤንዚን ሰጥቶ ሰጥቶ፣ ጠጠር እንደ በረዶ እየበተነ፣ ከመንገዱ ዳር የቆሙትን ሁለት ድንጋይ ጠራቢዎች አሯሩጦ ላይ ደረሰ። ባለ ጋራዡ አጨበጨበ። ኃላፊው አላጨበጨበም። "እኔ የማስጭነው ድንጋይ አይደለም፤ ሰው ነው" ብሎ አጉረመረመ።

ከዚያ ተራው የልጅቷ ሆነ። ወረደችና በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች በእጇ አዞረች፤ እነሱ ካልተቆለፉ የፊት ጎማ አይጎትትም። እንደ አባቷ ምክር ግማሹን ዳገት በኋላ ጎማ ብቻ ወጥታ፣ ጠጠሩ ሲጀምር ማንሻውን ስባ የፊት ጎማዎቹንም ከሞተሩ ልታስይዝ ነው። አባቷን አየችው። እሱም አገጩን ነቀነቀ። በግራ በኩል ያለውን ገደል ሁለቱም አላነሱትም።

መኪናዋ ተነሳች። አስራ ሦስት እንደ ልማዱ ቁጢጥ አለ። መካኒክ የሚሄድ መኪና ከላይ አያይም፤ ከሥር ነው የሚያየው፤ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ፣ የሚወዛወዝ ነገር ይኖር እንደሆነ። መንገዱ ከአናቱ በላይ ሲታጠፍ የመኪናዋ ሆድ ወለል ብሎ ታየው። ዘይት የለም። ባሌስትራው ደህና ነው። ሁለቱ ዘንጎች፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውና ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው፣ ይሽከረከራሉ፤ የኋላውን ሞተሩ፣ የፊተኛውን የተቆለፉት ጎማዎች ያዞሩታል።

የኋላው ወደ ቀኝ። የፊተኛው ወደ ግራ።

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ያው ነው። አንደኛው ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን መዞር ነበረባቸው።

ዲፈረንሻሉን ገልብጦ ነው የገጠመው። ልጅቷ ማንሻውን የሳበች እንደሆነ የኋላ ጎማ ወደ ፊት ሲገፋ የፊቱ ወደ ኋላ ይገፋል። ሁለቱ የሚገናኙበት ጥርስ ይረግፋል። የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው እዚያው ላይ ነው፤ አብሮ ይሄዳል። የእግር ፍሬኑ ደግሞ ከሦስት መኪና የተለቃቀመ ነው። ግራው ገደል ነው።

ዝም ቢልስ? ልጅቷ እግሯ ቀላል ነው፤ ምናልባት በኋላ ጎማ ብቻ ትወጣው ይሆናል። ምናልባት ማንሻውን ሳትነካ ላይ ትደርስ ይሆናል። ማንም አያውቅ፣ ማንም አይስቅ፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ያስተካክለዋል። አማቹ ከጎኑ ቆሟል፤ ሽቶው ይሸታል።

አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ያቺን አንድ ትንፋሽ ለሚስቱም አልነገራት።

ከዚያ ሮጠ። መንገዱን ትቶ በአቋራጭ፣ በፍርስራሹ ድንጋይ ላይ፣ በእጁም በእግሩም። "ቁሚ! ማንሻውን እንዳትነኪ! ቁሚ!" ሞተሩ ድምፁን በላው። ከታች "አበደ እንዴ?" ሲሉ ይሰማዋል። ጉልበቱ ተላጠ። ጠጠሩ ሊጀምር አሥር እርምጃ ሲቀረው ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ብቅ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች።

"አባዬ! ልገልህ ነበር እኮ!"

"ማንሻውን ነክተሽዋል?"

"ልነካው ስል ነው ብቅ ያልከው። ምን ሆነሃል?"

"እንዳትነኪው። የፊት ጎማዋ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ዲፈረንሻሉ ተገልብጦ ገብቷል።"

"ማነው የገለበጠው?"

አፉ ልማዱ ነውና የሚያሳብበት ሰው ፈለገ። ብረታ ብረት ሻጩ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። አማቹ መጣ።

"እኔ" አለ።

ልጅቷ መሪውን እንደ ጨበጠች አየችው። "እንሞክራት ስልህ ጎረቤት አልከኝ።"

"አዎ፣ አልኩ። አሁን ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ውረጂ። በፍሬኑ እንዳትተማመኚ፣ በማርሽ…"

"ዞር በል ከፊቴ። መንዳት አታስተምረኝ።" እንባዋን በክርኗ ጠረገች።

ዞር አለ። የጭንቅላቱን ያህል ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ጎማው ጎን ጎን ወረደ፤ ከተንሸራተተች ሥሯ ሊወረውር። መኪናዋ በኋላ ማርሽ እያጉረመረመች ጋት በጋት ትወርዳለች። መታጠፊያው ላይ የኋላ ግራ ጎማ አፈሩን ናደው። ትንሽ ጠጠር ወደ ገደሉ ሄደ፤ ሲያርፍ ድምፁ ቶሎ አልመጣም። አስራ ሦስት ድንጋዩን እንዳነሳ ደረቀ። ልጅቷ ፍሬን አልረገጠችም። አንገቷን በመስኮት አውጥታ ጎማውን እያየች መሪውን በጣት በጣት መለሰችው። ጎማው ጠንካራውን መሬት ያዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ፍሬኑን ረግጦ አብሮ ይሄድ ነበር።

ከታች ደረሱ። መጀመሪያ የተናገረ ባለ ጋራዡ ነው።

"ምነው፣ ሬሳዋ ቀዘቀዘች?"

አስራ ሦስት ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። "የፊት ዲፈረንሻሉን ገልብጬ ገጥሜዋለሁ" አለ፤ ሁሉም እንዲሰማ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ የለችበትም።"

"ዘጠኝ ዓመት አስተምሬው!" ባለ ጋራዡ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። "ዘጠኝ ዓመት! እንግዲህ ነገሩ አለቀ።"

"አላለቀም" አለ ኃላፊው። "መኪናው ያንተ ይሁን። ሾፌርህን ግን ይዘኸው ሂድ።"

"ምን አጠፋ? ወጣ አይደል እንዴ?"

"ወጣ። ሁለት ሰው ሊገድልብኝም ነበር። ይቺ ልጅ ያንን ቆርቆሮ ገደል አፍ ላይ ፍሬን ሳትረግጥ በደህና አወረደች። ሰዎቼን የምትጭን እሷ ናት። ባንተ መኪና።"

"ይቺ? ይቺ እኮ የእህቴ ልጅ…"

"ታዲያ ዘመድህ ናት፤ ምን ገደደህ? ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምወስደው። ካልሆነ ሌላ እፈልጋለሁ።"

ባለ ጋራዡ የተወለወለችውን መኪናውን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ዘይት የነካ ቀሚሷን አየ። "መቼም… ሥጋዬ ናት" አለ፣ መራራ እንደዋጠ ሰው።

ልጅቷ ግን አጎቷንም ኃላፊውንም አልተመለከተችም። "አባዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ምን ልበላቸው?"

እምቢ ቢል እምቢ እንደምትል ያውቃል። በዚያች ቀን በእጁ የቀረች ሥልጣን ያቺ እምቢታ ብቻ ናት። ሁለት ዓመት ሲያልመው የኖረው ይህን ነበር፤ ልጁ መሪ ላይ፣ አማቹ ቆሞ ሲያይ። ይኸው ሆነ፤ መሪው ግን የአማቹ ነው። ነገ ሰፈሩ "ባለ ጋራዡ ሥራ አስገባላት" ይላል። ባለ ጋራዡም ራሱ ዓይኑን ሳያሽ "እኔ ነኝ ያስገባኋት" ይላል። እምቢ ማለት እንዴት ደስ ይል ነበር! መንጃ ፈቃዱ ግን ተመልሶ ብርድ ልብሱ ሥር ይገባል።

"እሺ በያቸው" አለ። "ግን የሱም ብትሆን፣ ከሥሯ ተኝተሽ ሳታያት እንዳትነጂ።"

"የኔ መኪና ሥር ምን ይታያል?" አለ ባለ ጋራዡ።

"እሱን እሷ ትነግርሃለች።"

ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ መሬቱ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች፤ ከነጯ መኪና ሥር ገባች። አጎቷ ከእግሮቿ አጠገብ፣ የሚገባበት ጠፍቶት፣ ቆሞ ቀረ።

አስራ ሦስት የራሱን መኪና የፊት ጎማ መቆለፊያዎች ፈትቶ፣ በኋላ ጎማ ብቻ ወደ ቤት ነዳ። ከካባው በር ሳይርቅ ከኋላው የነጯ ሞተር ዳገቱን ሲይዝ ሰማ። ሳያስበው እግሩን ከነዳጁ አንስቶ አዳመጠ። ጠጠሩ የሚጀምርበት ላይ ድምፁ ረገብ፣ ከዚያ ደልደል አለ። ማርሹን የቀየረችበት ቦታ ትክክል ነበር። ያ ውሻ አማቹ ሞተሩን ግን ደህና አድርጎ ነው የያዘው።