ሁለት ወረቀት በአንድ ፖስታ

አባቴ ሁለቱንም የምርጫ ወረቀት ሞልቶ፣ በአንድ ፖስታ አሽጎ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ጨመረው። አለቀ። አንዱም አይቆጠርለትም።

ይህን የምጽፈው የሰው ጸጉር ቀለም እስኪይዝ በማገኛት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ባጭሩ።

ኮሎራዶ ውስጥ የማንም ፓርቲ አባል ካልሆንክ ለሰኔው ምርጫ ሁለት ወረቀት ቤትህ ድረስ ይላክልሃል። አንዱ ሪፐብሊካኖቹ እጩአቸውን የሚለዩበት፣ ሌላው የዴሞክራቶቹ። አንዱን ትሞላለህ፣ ሌላውን ትጥላለህ። ሁለቱንም ከመለስክ ሁለቱም ይሰረዛሉ። በእኛ ሸለቆ ደግሞ ለስቴቱ ምክር ቤት ዴሞክራቶቹ ሰው እንኳን አላቀረቡም። ሰኔ ላይ ሪፐብሊካኖቹ ጋ ያሸነፈ አሸነፈ። የኅዳሩ ዋና ምርጫ ለወጉ ነው።

ዘንድሮ እጩዎቹ ሁለት ናቸው። ከርቢ ሃልዴን ጠበቃ ነው። ከጎናችን ያለውን ቦይ ውሃ ለትልልቆቹ ከተሞች ያሻሻጠው እሱ ነው። ዛሬ እዚያ አቧራና እሾህ ብቻ ነው ያለው። አሁን የእኛን ቦይ ይፈልጋሉ። ምክር ቤት ከገባ ሕጉን እንደሚያላላላቸው ራሱም አልደበቀም፤ "ዘመናዊ የውሃ ገበያ" ይለዋል። ሎርና ስቴጋል የከብት መኖ ነጋዴ ነች። እሷ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ከዚህ አይሄድም።

አባቴ ፈርሚን አርቹሌታ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የቦያችን የውሃ አባት ነበር፤ ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚከፈት የሚወስነው እሱ። አሁን ስልሳ ኤከር ሜሎንና አልፋልፋ የሚባል የከብት መኖ አለው። ያ ውሃ ከሄደ መሬቱም እሱም አለቀላቸው።

ስለዚህ ምርጫውን እንደ ሥራ ነው የያዘው። ደብተር ገዛ። ለእያንዳንዱ እጩ አንድ ገጽ። የዴሞክራቶቹን የአገረ ገዢ እጩዎች ሳይቀር ክርክራቸውን ተከታትሎ ጻፈባቸው። ከአንዱ ሥር "ይህ ሰው ውሃ አጠጥቶ አያውቅም" ይላል። ከሌላው ሥር "ጥሩ ሴት፤ ቶሎ ትናደዳለች፤ ይሁን"።

በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ በተደረገው ስብሰባ ተነስቶ ሃልዴንንና ሎርናን አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው።

"ቦያችን ስንት የውሃ በር አለው?"

ሃልዴን ፈገግ አለ። "በጣም ግሩም ጥያቄ ነው፣ ጌታዬ" ብሎ ለአራት ደቂቃ አወራ። ስለ ቅርስ፣ ስለ አባቶቻችን፣ ስለ መጪው ትውልድ።

"ቁጥር ነው የጠየቅኩህ" አለው አባቴ። አዳራሹ ሳቀ።

ሎርና "አላውቅም" አለችና ተቀመጠች።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቦት ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አባቴ በር ላይ ቆመች። የቦዩን ዐሥራ ዘጠኝ ማይል በእግሯ ሄዳዋለች።

"አርባ ሰባት" አለች።

"አርባ ስምንት። አንዱ አረም ውስጥ ነው።"

"ታዲያ አያጸዱትም እንዴ?"

አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ። ደብተሩ ላይ "ሎርና" የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ሐሙስ ጸጉሩን ሊቆረጥ ሱቄ መጣ። ደረቱ ላይ "መርጫለሁ" የሚለውን ተለጣፊ ለጥፏል። አጠገቡ ወንበር ላይ ወይዘሮ ኒቫ ፐርሴል ቀለም ተቀብታ ተቀምጣለች።

"ሎርናን መረጥክ አይደል?" አልኩት።

"ሎርናን። በሌላኛው ወረቀት ደግሞ ያችን ቶሎ የምትናደደዋን።"

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ።

"የቱን መለስክ አባዬ?"

"ምን ማለት ነው የቱን? ሁለቱንም ነዋ።"

"አንዱ ብቻ ነው የሚመለሰው!"

"ሁለት ላኩልኝ። ሁለቱንም አጥንቼ ሞላሁ። ባዶ ወረቀት መተው የሰነፍ ሥራ ነው።"

"መመሪያ ነበረው እኮ። ቢጫው ወረቀት። በትልቁ ተጽፏል።"

"በርናዴት፣ ሠላሳ የቅስቀሳ ወረቀት ነው የመጣው። ሁሉም ላይ የሚስቅ ሰው አለ። የሚስቁትን ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው።"

"ቢጫው አይስቅም ነበር!"

"አብሯቸው ሄዶ ይሆናላ።"

የካውንቲው ምርጫ ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ረጋ ብላ ነገረችኝ። ፖስታውን ተረክበነዋል፤ ከተረከብን በኋላ ሌላ ወረቀት አንሰጥም።

"ከፍታችሁ አንዱን ጣሉለታ!"

"የቱን እንጣልለት የኔ እህት? እኛ ነን የምንመርጥለት?"

ልክ ነች። ልክ መሆኗ ይበልጥ አናደደኝ።

አባቴ ሁሉንም ሰምቷል። ተለጣፊውን ከደረቱ ላይ ላጠውና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ውሃ ሳላፈስ ኖሬ፣ የራሴን አፈሰስኩት" አለ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። "ያለፈው ምርጫ በሃምሳ ሁለት ድምፅ ልዩነት ነው ያለቀው" አልኩት። ባርኔጣውን አደረገና ግማሽ ጸጉሩ ሳይቆረጥ ወጣ።

"አንቺ" አለች ወይዘሮ ኒቫ። "ምንድነው አንድ ብቻ የምትሉት?"

አንድ ብቻ ነው የሚመለሰው አልኳት።

"እኔም ሁለቱንም ከትቻለሁ እኮ!" ቦርሳዋን አንስታ የታሸገ ፖስታ አሳየችኝ። "ከዚህ ስወጣ ሳጥኑ ጋ ላደርስ ነበር። ወረቀቱ ነው እንዲህ አድርጉ ያለኝ።"

"የቱ ወረቀት?"

ከቦርሳዋ አወጣች። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። ፊት ለፊቱ ትልቅ የተቆረጠ ሜሎን። "ከቦዩ ጎረቤቶችዎ" ይላል። ከጀርባው "ያልተሞላ ወረቀት የባከነ ድምፅ ነው። ሁለቱንም ይሙሉ፤ ሁለቱንም ይላኩ።" ከግርጌው ጉንዳን በምታክል ፊደል የከፈለው ኮሚቴ አድራሻ አለ። የመነጽር ያለህ! መነጽሬን አደረግኩ። ዋና መንገድ፣ ቁጥር 212፣ ሁለተኛ ፎቅ።

ቁጥር 212 ሁለተኛ ፎቅ የሃልዴን ቢሮ ነው። የጸሐፊዋን ጸጉር ቀለም የምቀባው እኔ ነኝ፤ የክፍያ ሂሳቧን የምልከው እዚያው ነው።

እኔ ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው፣ አልደረሰኝም። ቀጥሎ ተራ የምትጠብቀዋንም ጠየቅኳት፤ የከተማ ሰው ነች፣ አልደረሳትም። ኒቫ ቦዩ ላይ ነች። ለቦዩ ሰው ብቻ ነው የተላከው። ውሃዬን አልሸጥም ላለው ሰው። ሽማግሌ ለሆነው፣ የተላከለትን ሁሉ አክብሮ ለሚሞላው።

አባቴ ጋ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ሜሎን ያለበት ወረቀት ደርሶህ ነበር?"

"አዎ።"

"አቃጠልከው?"

"ለምን አቃጥለዋለሁ? ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ጥሩ ሜሎን ነው።"

የማን እንደሆነ ነገርኩት።

"ጎረቤቶችዎ ነው እኮ የሚለው" አለ። እንደ ልጅ ነው ያለው። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የውሃ ተራ ለማዛባት ጉቦ ይዞ የመጣውን ስንቱን የመለሰ ሰው፣ በፎቶ ሜሎን ድምፁን ወሰዱበት።

ወይዘሮ ኒቫ ቀለሙ በጆሮዋ እየወረደ መቀሴን ከጠረጴዛው ላይ አንስታለች። ፖስታዋን በጎኑ ቀደደች። የማትፈልገውን ወረቀት አወጣችና ወለሉ ላይ የተጠረገው ጸጉር ላይ ጣለችው። የሎርናን መልሳ ከተተች።

"ፕላስተር ስጪኝ" አለች። "ደግሞ ቶሎ እጠቢኝ፤ ጸጉሬ ሊቃጠል ነው።"

"አባዬ፣ እየሰማኸኝ ነው?" አልኩት በስልኩ።

"እየሰማሁሽ ነው።"

"ምርጫው የሚዘጋው ማክሰኞ ነው። በየውሃው በር ማን እንዳለ ታውቃለህ?"

"አርባ ስምንቱንም።"

"ሽማግሌዎቹን እነማን እንደሆኑ?"

"ሁላችንም ሽማግሌዎች ነን።"

"ያንን ወረቀት ከማቀዝቀዣው ላይ አንሳ። እንዳትቀደው። ያዘውና በር ላይ ጠብቀኝ።"

የኒቫን ጸጉር አጠብኩ። ተራ የምትጠብቀዋን ለሰኞ ቀጠርኳት። በሩን ቆለፍኩ፣ አባቴን ከደጁ አነሳሁትና ከአንደኛው የውሃ በር ጀመርን።