ሁለተኛው ፊልትሮ

«ማንም እንዳይነካው ብያለሁ!»

ጸሐይወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤት ብቅ ስትል ድምፅዋ በሦስት ቀን ለቅሶ ሻክሮ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ዞሮ አየ። ግቢው ጥግ፣ ኮፈኑ እንደተከፈተ የቀረው ነጭ ላንድክሩዘር አጠገብ ሹፌሩ ጠሀ ቆሟል። እጁ መኪናው ላይ ገና አላረፈም፤ ቢሆንም እንደ ተያዘ ሌባ ደነገጠ።

«ኧረ አልነካሁም፣ ጸሐይ። ማየቴ ነው።»

«ማየትም አያስፈልግም። ጉልላት የጀመረውን ራሱ ጉልላት...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ባሏ ጉልላት ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ገብርኤል ተቀብሯል። እሷም ቆማ አይታለች። ዛሬ ሠልስቱ ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ሞገስ፣ ከፍትሐት መልስ፣ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ እንደሚነሣ ተናግረዋል።

ጉልላት መካኒክ ነበር። ጋራዥ አልነበረውም፤ ይሄው ግቢው ነበር ጋራዡ። ወደ ደቡብ ኦሞ የሚወርድ የናፍጣ መኪና ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ይገባል። ዓርብ ዕለት የዚህን ላንድክሩዘር አሮጌ የናፍጣ ፊልትሮ ፈታ፣ አዲሱን አውጥቶ ሞተሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠ፣ ለምሳ ገባ፣ «ራሴን አመመኝ» ብሎ ጋደም አለ። በዚያው ቀረ። የእድሩ ልጆች ድንኳን ለመትከል ቦታ ሲያጡ መኪናውን ገፍተው ጥግ አስያዙት።

መኪናው ደግሞ የሚጠብቀው ሥራ አለ። ከኮንሶ ወዲያ ኩፍኝ ገብቷል። ጠሀና ሁለት ነርሶች ነገ በጠዋት ክትባት ጭነው መውጣት አለባቸው። መሥሪያ ቤታቸው ትናንት «ጎትተን ሌላ ጋራዥ እናስጨርሰው» ብሎ ሰው ቢልክ፣ ጸሐይወርቅ ከበር መለሰችው።

«ምን ነካት እቴ? መኪናውን ምን ልታደርገው ነው?» አለች ከድንኳኑ ዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት።

«ተያት» አሉ የጸሐይወርቅ ጎረቤት እትዬ ሸዋዬ በሹክሹክታ። «ያኔም እኮ የመጣው በሠልስቱ ነው።»

ያኔ ማለት ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ልክ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት። ጉልላት በዚያን ጊዜ ራሱ ይነዳ ነበር። ወደ ኦሞ እንደወረደ የመመለሻው ቀን አለፈ፤ አምስት ቀን ተጨመረ። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጣና «ነጭ ቶዮታ ጎርፍ ሲወስደው አየሁ» አለ። አለቀ። በአካባቢው ነጭ ቶዮታ እሱ ብቻ ያለው ይመስል፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ጸሐይወርቅ ፀጉሯን ተላጨች። የአራት ዓመቷ ልጃቸው ሜሮን ጥቁር ለበሰች።

በሠልስቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ የግቢው በር ተከፈተና ጉልላት ገባ። አቧራ ለብሷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ድንኳኑን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ኮፍያውን አውልቆ አቶ ሞገስ አጠገብ ቁጭ አለና ቀስ ብሎ «ማን ሞተብን?» ሲል ጠየቀ።

የዚያን ቀን የለቅሶው ንፍሮ በእልልታ ተበላ። ሰው እስከ ዛሬ እያነሣ ይስቃል። ጸሐይወርቅ ግን አልሳቀችም። ባሏ የነገራት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ናፍጣው ቆሻሻ ነበር፣ ፊልትሮው ተደፈነ፣ መለዋወጫ አልያዘም። «አስደነገጥኩሽ» እንኳ አላላትም። ይህን ቂም አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዛ ኖራለች። ሲጣሉ ታነሣዋለች፤ እሱም ዝም ይላል።

እና ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ቂልነት መሆኑን አላጣችውም። ለሜሮን እንኳ አትነግራትም። ግን ሥራው ያላለቀ መኪና ትቶ የሚቀር ሰው አይደለም፤ ሌላ ሰው ከጨረሰው ደግሞ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ጭንቀቷ ይኸው ነው።

ጠሀ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ከጉልላት ጋር ሃያ ዓመት ሠርተዋል።

«ጸሐይ፣ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት መውጣት አለብኝ።»

«ሌላ መኪና ይስጡህ።»

«የለም። ቢኖርም ጉልላት ባላሰናዳው መኪና እዚያ አልወርድም። የመለዋወጫውን ሣጥን አይተሽዋል? ቺንጊያው ሁለት፣ የራዲያተር ጎማው ሁለት፣ ፊልትሮው ሁለት። ሁሉንም ሁለት ሁለት የሚያደርገው ለምን ይመስልሻል?»

«ተጠራጣሪ ስለሆነ ነዋ።»

«እንዴ! አልነገረሽም?» ጠሀ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእኛ ለሹፌሮቹ፣ ‹አንደኛው ለመኪናው ነው፤ ሁለተኛው ለሚስትህ ነው› ነው የሚለን። ባለፈው አንድ አዲስ ልጅ ሳቀበት። ጉልላት ተቆጣ። ‹እኔ በአንድ ፊልትሮ ምክንያት ሚስቴን ድንኳን ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ስገባ ፊቷን አይቼዋለሁ። ያን ፊት ሌላ ሴት ላይ አላይም› አለው።»

ጸሐይወርቅ አፍጥጣ አየችው።

«ጉልላት? እንዲህ አለ?»

«ወላሂ።»

«አሥራ ሦስት ዓመት!» ብላ ደረቷን መታች። «ለመንገደኛው ሁሉ ሲናገር! ለኔ ምናለ አንድ ቀን ቢለኝ? አንድ ቀን! አንተ ክፉ፣ ምናለ ብትለኝ!»

ለቀስተኛው ሙሾ የጀመረች መስሎት አብሮ አለቀሰ። እሷ ግን ተናድዳ ነበር የምታለቅሰው፤ ናፍቆቱም ቁጣውም አንድ ላይ ነው የመጣባት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። በበሩ የገባች አንዲት ዘግይታ የሰማች ዘመድ ብቻ ነበረች። አቶ ሞገስ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ እናንሣው?» አሉ።

ጸሐይወርቅ በሩን አንዴ አየችና «አንሡት» አለች።

ልጆቹ ገመዱን ሲፈቱ ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች። እትዬ ሸዋዬ ተከተሏት።

«ኧረ ልጄ፣ በሠልስቱ! ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል፣ እትዬ። የጠሀ ሚስትም ሰው ናት።»

ጠሀ አዲሱን ፊልትሮ አጥብቆ አሰረ። ፊልትሮ የተቀየረለት የናፍጣ መኪና ውስጡ የገባው አየር ካልወጣ አይነሣም። ድሮ ጉልላት ሞተሩ ላይ ሲያጎነብስ፣ ቁልፍ የምታዞረው እሷ ነበረች። ዛሬ ጠሀን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የናፍጣ የእጅ ፓምፕ ራሷ ያዘች። ጫነች፣ ለቀቀች፣ ጫነች። የአየሩን ቡሎን ስታላላው ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ወጣ። አረፋው እስኪጠፋና ፓምፗ መዳፏ ሥር እስክትጠነክር ድረስ አላቆመችም። ቡሎኗን አጠበቀችና ጮኸች፦

«አስነሣ!»

ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ።

«ድገመው!»

በሁለተኛው ተነሣ። ድንኳኑን የሚያጣጥፉት ልጆች ቀና አሉ። ኮፈኑን ዘጋች፤ ጠሀ በመስኮት «በርቺ እህቴ» ብሏት መኪናውን እያዘገመ ከግቢው አወጣው። ድምፁ እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው።

ሜሮን ሳሙናና አንድ ጆግ ውኃ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ እጅሽ ናፍጣ በናፍጣ ሆኗል። ነይ ላስታጥብሽ።»

ጸሐይወርቅ እጇን አየች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ደጃፍ ላይ ሳሙና ይዛ ቆማ «ሳትታጠብ ቤቴ እንዳትገባ» ስትለው ኖራለች።

«ቆይ፣ በኋላ» አለች ለልጇ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችና ሳትታጠብ ወደ ቤት ገባች።