ለወለሉ የተሳለው ጉልላት

የገዳማችን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የለውም። ሊሠራለት ታስቦ ነበር፤ ጎረቤታችን የሆነው ባላባት ግን የአትክልት ቦታዬን ጥላ ያጠላብኛል ብሎ ለከተማው ሹማምንት አቤት አለ። ስለዚህ በከተማችን በቦሎኛ ሌሎችም እንደሚያደርጉት፣ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ በቀለም ጉልላት እንዲሠራልን ተወሰነ። ለሥራው የሚሆነውን የሰጡት እማሆይ ዴዎዳታ ናቸው። ከወንድማቸው የወረሱትን በሙሉ ነው የሰጡት።

ሰዓሊው ማስትሮ ፔትሮኒዮ ይባላል። መወጣጫው በሸራ ተጋርዶ ስለነበር ዓመት ሙሉ የምንሰማው ልስን የሚለስንበትን ድምፅና የራሱን ዘፈን ብቻ ነበር። ዘፈኑ ለገዳም የሚሆን አልነበረም፤ ቢሆንም ሸራው የተነሣ ቀን ዘፈኑ ናፈቀን።

የዚያን ቀን መነኮሳቱ በሙሉ ወደ ሰገነቱ ወጡ። ሰገነቱ ከመግቢያው በር በላይ ነው፤ ፊቱ በብረት ፍርግርግ የተዘጋ ነው። ቅዳሴ የሚሰሙት ከዚያ ሆነው ነው፤ ሕዝቡ ወደሚቆምበት ወደ ታችኛው ቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ አይወርዱም። እኔ ያኔ ገና አልመነኮስኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ በእነሱው ሥርዓት እዚያው ያደግሁ ስለሆንኩ ከኋላቸው ቆሜ በትከሻቸው መካከል ተመለከትኩ።

እማሆይ ዴዎዳታ፣ «ይሄ ነገር ጠጥቷል እንዴ?» አሉ።

ሳቅን፤ ነገር ግን ያሉት እውነት ነበር። ጉልላቱ ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል። በእኛ በኩል ያሉት ዓምዶች አጥረውና ወፍረው ይታያሉ፤ ከማዶ ያሉት ደግሞ ያለ ልክ ተለጥጠዋል። አናቱ ላይ መሆን የነበረበት የብርሃን መግቢያ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሊገለበጥ የደረሰ የሾርባ ድስት ይመስላል። ሳቁ ሲያበቃ እማሆይ ዴዎዳታን አየኋቸው። እሳቸው አልሳቁም ነበር።

በማግስቱ እመምኔቷ ሰዓሊውን አስጠሩት። ከእንግዳ ጋር ሲነጋገሩ አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው እንዲኖር ሥርዓቱ ስለሚያዝ እኔን ይዘውኝ ሄዱ። እሱ ከፍርግርጉ ማዶ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ጉልላቱ ተጋድሟል» አሉት።

አልተጋደመም አለ። ጠፍጣፋ ነገር ጥልቅ መስሎ የሚታየው ከአንድ ቦታ ብቻ እንደሆነ፣ ያንን ቦታ ሰው እንዲያውቀው ወለሉ መካከል ነጭ ክብ ድንጋይ እንዳስተከለ፣ መስመሮቹን ሁሉ የሳበው እዚያ ለሚቆም ሰው ዓይን እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳ።

«እዚያ ላይ ማን ይቆማል?»

«ሰው ነዋ፣ እናቴ።»

«እኛስ ምንድን ነን?»

ባርኔጣውን ማዟዟር ጀመረ። ሰገነቱ ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ወንድ ስለሆነ ማንም እንደማያስገባው፣ ቦታውን ላላወቀው ዓይን መስመር መሳብ እንደማይቻል ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጠየቅ ነበረብኝ፣ ግን ትዝም አላለኝ» አለ። አሁን ልስኑ ከነቀለሙ ስለደረቀ ሊታረም አይችልም። እመምኔቷ ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እኛም አልነገርንህም» ብለው ተነሡ።

ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ እንዴት ተጋድሞም ቆሞም ይሆናል? ወረቀት ላይ ያለ ልክ የተለጠጠ ብርጭቆ ሣልኩና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ፣ አገጬን ጠርዙ ላይ አድርጌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። ሲሠራ ሲበላሽ ቆየ። በኋላ ብርጭቆው ለቅጽበት ቀጥ ብሎ ቆመ። እጄን ዘርግቼ ላነሣው ምንም አልቀረኝም።

የምመነኩስበት ቀን እየቀረበ ነበር። በእኛ አገር የምትመነኩስ ልጅ በዚያ ቀን እንደ ሙሽራ ለብሳ፣ በሠረገላ ከተማውን ዞራ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት በታችኛው ቤተ ክርስቲያን በኩል እስከ መሠዊያው ትሄዳለች። ከዚያ በጎን ባለው በር ትገባለች፤ ዳግመኛ አትወጣም። እማሆይ ዴዎዳታ ይህንን ከእኔ በፊት አስበውታል። ልብስ ስናጥፍ ጠጋ አሉና፣ «ድንጋዩ ላይ ታልፊያለሽ» አሉኝ። «ቁሚና ቀና በይ። ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። እኔ እንደሆንኩ ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው፤ ያኔ ደግሞ ዓይኔ ይከደናል።»

እሺ አልኳቸው። ማታውን ግን እመምኔቷ ጠርተውኝ ስለ አካሄዴ መከሩኝ። ዓይኔን ከወለል እንዳላነሣ አስጠነቀቁኝ። የሊቀ ጳጳሱ ወኪል ይኖራል፤ የከተማው ሰው ሁሉ ይኖራል። የምትመነኩስ ልጅ ቀና ካለች ዓለምን ነው የናፈቀችው ይባላል፤ ወሬው ከእኔ አልፎ ለገዳሙም ይተርፋል። ለእሳቸውም እሺ አልኳቸው።

በበዓሉ ጠዋት አጎቴ ኤርኮሌ ክንዴን ይዞ አስገባኝ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። በታዘዝኩት መሠረት ወለሉን ብቻ እያየሁ ሄድኩ፤ ወለሉን በማየቴም ነጩን ድንጋይ ከሩቁ አየሁት። እየቀረበ መጣ። እስክደርስበት ድረስ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም ነበር። እግሬ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ቆምኩ።

አጎቴ ክንዴን ሳብ አደረገ። «ምን ሆንሽ?»

ቀና አልኩ።

ጉልላት ነበር። ዓምዶቹ ዙሪያውን ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በመስኮቶቹ ብርሃን ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ትንሽ ሰማይ ይታያል። ከሰገነቱ የማውቀውን ሰካራም ጉልላት ፈለግሁት፤ የለም። የማስትሮ ፔትሮኒዮን እጅ ፈለግሁ፤ እሱም የለም። ከኋላዬ ማጉረምረም ተሰማ፤ አንዲት ሴት ማንን ነው የምታየው ስትል ሰማሁ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

ጸጉሬ ተቆረጠ፤ ልብሴ ተለወጠ፤ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ከራት በኋላ መነጋገር በሚፈቀድበት ሰዓት እመምኔቷ በሁሉም ፊት አስነሡኝ። ስላልታዘዝኩ አንድ ሳምንት ወለል ላይ ተንበርክኬ እንድበላ ፈረዱብኝ። አጎንብሼ ተቀበልኩ። እሳቸው ግን አልሄዱም። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ቅጣቱ ተነገረ» አሉ። «አሁን ያየሽውን ንገሪን።»

ጥልፍ ይጠልፉ የነበሩት ሁሉ መርፌያቸውን አቆሙ። እማሆይ ዴዎዳታ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። ሰማይ ተከፍቶ አየሁ ብል ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ። እኔ ግን ንግግር አላውቅበትም፤ ያልሆነውን መጨመርም አልሆነልኝም።

«ቀጥ ብሎ ቆሟል» አልኩ። «እውነተኛ ጉልላት ነው። ቀለም መሆኑ አይታወቅም።»

«ከዚያስ?» አሉ እማሆይ ዴዎዳታ።

«ከዚያ በቃ። ሌላ ምንም የለም።»

ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። ቃል እየፈለግሁ ቀጠልኩ። ገዳም ሳልገባ፣ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር የሄድኩባቸው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እንዲህ ያለ ጉልላት እንዳላቸው፣ አንዴ ቀና ብሎ ያየ ሰው ሁለተኛ ለማየት ምክንያት እንደሌለው ነገርኳቸው። «ከድንጋዩ ላይ ሰዓሊው አይታይም» አልኩ። «ከሰገነቱ ግን ይታያል። የትኛውን ዓምድ ምን ያህል እንደጎተተ፣ የትኛውን እንዳሳጠረ… እኔ ከሰገነቱ ሆኜ የበለጠ አይቻለሁ።»

«ይህን የምትለው ልታጽናናን ነው» አለች ከጥግ አንዷ። «ሰካራሙ ለእኛ ደረሰን፣ አለቀ።»

እማሆይ ዴዎዳታ መልስ ሳይሰጧት ተነሡና ክንዴን ያዙ። ወደ ሰገነቱ ወጣን። የበጋው ብርሃን ገና አልጠፋም ነበር። በየማዕረጋቸው የሚቀመጡባቸው ወንበሮች በተርታ አሉ፤ እሳቸው መጀመሪያ የራሳቸው ላይ ተቀመጡና ጣሪያውን አዩ። ተነሥተው ቀጣዩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የሚቀጥለው ላይ። ሌሎቹም ተከትለውን ወጥተው ነበርና ማዕረግ ሳይለዩ ከወንበር ወንበር መዘዋወር ጀመሩ፤ አንገታቸውን ያዘነብላሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚህ ይወፍራል፣ ከዚያ ይቀጥናል እያሉ ይንሾካሾካሉ። ሰካራም ያለችውም በእመምኔቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገጯን ፍርግርጉ ላይ አስደግፋለች።

እማሆይ ዴዎዳታ መጨረሻው ወንበር ላይ ቆዩ።

«ማስትሮውን ነገ ያስጠሩልኝ» አሉ።

እመምኔቷ ሊወቅሱት መስሏቸው፣ «ተዪው፣ አሁን ምን ያደርጋል?» አሏቸው።

«ልወቅሰው አይደለም» አሉ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያነሡ። «ያን ረጅሙን ዓምድ እንዴት አድርጎ እንደለካው ልጠይቀው ነው።»