ጳጉሜን የማያውቀው ካሜራ

3.

ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርግ። ፕሮፐርቲስ የሚለውን ክፈት። ወደ ታች ውረድ።

ፎቶው የተነሳበት ቀን፦ ሜይ 14፣ 2003።

አሁን የካሜራውን ሞዴል አንብብና ኢንተርኔት ላይ ፈልገው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበበት ዓመት፦ 2009።

ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንግዲህ ካሜራው ሳይወለድ ፎቶ አንስቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ ፎቶውን አትጠርጥር፤ ቀኑን ጠርጥር። ደብረ ታቦር መናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው ሱቄ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የምለው ይህንን ነው። ስሜ ይበልጣል ነው፤ ሞባይልና ኮምፒዩተር እጠግናለሁ።

ከ3 የጀመርኩት ቁጥር ጠፍቶኝ አይደለም። 1 እና 2 ይመጣሉ። 1ን መጻፍ ስለከበደኝ ነው።

4.

ፎቶው ላይ ያለው፦

የተቆፈረ የመሠረት ቦይ። ቦዩ ጫፍ ላይ ድንጋይ በትከሻዋ ተሸክማ የምትስቅ ሴት። ከኋላዋ የልኬት ገመድ የያዘ ሰው።

ሰውየው አባቴ አቶ ምትኩ ነው። ሴትዮዋ ትርንጎ ናት፣ እንጀራ እናቴ። መሠረቱ ደግሞ አሁን ተቀምጬ የምጽፍበት ቤት ነው።

5.

አባቴ ሐምሌ ላይ ሞተ። ቤቱ በሱ ስም ብቻ ነው የተመዘገበው። ትርንጎን ያገባት በ2004 ዓ.ም.፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው። እሷ ግን መሠረቱ በ2003 ሲጣል አብሬው ነበርኩ፣ ድንጋይ ተሸክሜበታለሁ ትላለች። ለውርሱ የተቀመጡት የሰፈር ሽማግሌዎች ነገሩን አሳጠሩት። ከነበረች ግማሹ የሷ ነው፤ ካልነበረች ቤቱ በሙሉ የልጁ።

ልጁ እኔ ነኝ። ሌላ የለም።

ምስክርም የለም። ያኔ ሰፈሩ ሜዳ ስለነበር ጎረቤት አልነበረም፤ ግንበኛው ሱዳን እንደሄደ ቀረ። እሷ ያላት በአሮጌ ሜሞሪ ካርድ ላይ ያለው ይህ ፎቶ ብቻ ነው። ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ልጅ በስልኩ ከፍቶ ቀኑን አነበበላቸው። ሜይ 2003 ወደኛ ሲመለስ ግንቦት 1995 ነው። በ1995 ይህ ቦታ የገብስ ማሳ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ፎቶው የሌላ ቤት ነው ወደሚለው አዘነበሉ።

ሰፈሩ የባሰውን አለ። በ1995 እናቴ በሕይወት ነበረች። ትርንጎ ሰው ትዳር ላይ የመጣች ናት ተባለ። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ወንድይፍራው ካርዱን በጨርቅ ጠቅልለው ሱቄ ድረስ አመጡልኝ። የሙያው ሰው አንተ ነህ፣ ቀኑ እውነት መሆን አለመሆኑን አይተህ እሑድ ንገረን አሉኝ። ለጅብ ሥጋ አደራ የሚባለው ይህ ነው። በከተማው ሌላ ጠጋኝ ጠፍቶ አይደለም። ስለሚያምኑኝ ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

2.

አባቴ ካሜራውን የገዛው ለ2003 እንቁጣጣሽ ነው። ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ቀን ሙላ አለው። አባቴ 2003፣ ወር 1፣ ቀን 1 ብሎ ሞላ።

የፈረንጁን ነው የሚፈልገው አልኩት። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን አዋቂ ነበርኩ።

"እኔ በነሱ ዘመን አልኖርም" አለኝ።

ካሜራው ግን አስቸገረው። ገና ጥቅምት ሠላሳ ላይ ሁለተኛውን ወር ጨርሶ ሦስተኛው ገባ። ጳጉሜንም ጭራሽ አያውቅም።* አባቴ በየጊዜው ይሰድበዋል፣ ግን አላስተካከለውም።

ስለዚህ ፋይሉ ላይ ያለው 2003፣ ወር 5፣ ቀን 14 ሜይ አይደለም።

ጥር ነው። ጥር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የኛው 2003።

* አንባቢዬ፣ ልታስበው ብትፈልግ፣ ካሜራው አምስቱን የጳጉሜ ቀናት በዲሴምበር ስም ቆጥሯቸው ከኛ እኩል ሊደርስ ነበር፤ የ2003 ጳጉሜ ግን ስድስት ስለነበረች መስከረም አንድ ላይ በአንድ ቀን ቀደመን። ይህን ለማረጋገጥ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። መሥራት የማልፈልገው ሥራ ሲኖረኝ እንዲህ ነኝ።

1.

ይህን የማውቀው በሙያዬ አይደለም።

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

6.

ማስተካከያው፦

ሀ) የፋይሉን ቅጂ ያዝ።
ለ) ቀን መቀየሪያውን ፕሮግራም ክፈት።
ሐ) ትክክለኛውን ቀን ጻፍ፦ ጃንዋሪ 22፣ 2011።
መ) "አስቀምጥ" የሚለውን ተጫን።

መ ላይ ቆሜያለሁ።

ከተጫንኩ ግማሽ ቤት ይሄዳል። የምንኖረው ከኋላ ባለችው አንዲት ክፍል ነው፤ ባለቤቴ ሰናይት ሁለተኛችንን ፀንሳለች። ቤቱን ሸጠን ሰፋ ያለ ቦታ እንገዛለን ብለን ተስማምተን ነበር፤ በግማሹ ዋጋ አሁን ያለችንን ክፍል የምታክል እንኳ አይገኝም። ካልተጫንኩ ደግሞ ትርንጎ ስሟ እንደጠፋ ከዚህ ግቢ ትወጣለች። ደብተሬን ገዝታ ያስተማረችኝ ሴት ናት። ልጄንም የምታሳድግልን እሷ ናት።

ሰናይት ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች። መስኮቱን ብከፍት የትርንጎ በር ነው፤ በሩን ብከፍት የትርንጎ መስኮት ነው። መተንፈሻ አጣሁ።

ፈራሁ።

7.

ዓርብ፣ ሱቅ ውስጥ። ትርንጎ ልጄን አዝላ መጣች።

እሷ፦ ከፈትከው?

እኔ፦ ከፈትኩት፣ እትዬ።

እሷ፦ ማን እንዳነሳው ጠይቀውኝ ነበር። አላስታውስም አልኳቸው።

እኔ፦ ታስታውሻለሽ እኮ።

እሷ፦ እንዴት አላስታውስ። ድንጋዩን ከፍ አድርጊው እያልክ ትከሻዬን ጨረስከው።

እኔ፦ ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?

እሷ፦ ብነግራቸው አስገድደው ያናግሩሃል። ተገደህ የሰጠኸኝ ቤት ውስጥ እንዴት ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል? ልጅቷ ተኝታለች። ቀስ ብለህ አውርድልኝ።

ብትለምነኝ እጨክን ነበር። ብትሰድበኝም እጨክን ነበር። ልጄን ከጀርባዋ ሳወርድ አላየኋትም፤ ማየት አልቻልኩም።

8.

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አባቴ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። ትርንጎ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰናይት ከመጋረጃው ኋላ እንዳለች ከትንፋሿ አውቄያለሁ።

አቶ ወንድይፍራው ማሽኑ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ።

ይህን መልስ ሁለት ቀን ሙሉ አዘጋጅቼዋለሁ። አንድም ውሸት የለበትም።

"ማሽኑ ሜይ 2003 ይላል፤ ወደኛ ሲመለስ ግንቦት 1995።"

አንዱ ሽማግሌ በቃ አለቀ ብሎ ጋቢውን ሰበሰበ። ሌላው ትርንጎን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ቀና አላለችም። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፣ ያነሳው እሱ ነው ማለት። አላለችውም።

አቶ ወንድይፍራው ግን አልተነሱም። ቀና ብለው አዩኝ።

"የማሽኑን ሰማን" አሉ። "አንተስ፣ ልጄ?"

9.

እኔማ፦ ወደ 1 ተመለስ።